ዳሩን ወደ መሀል

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጆቼ ልብስ ሊያጥቡ ወደ ወንዝ ሲወርዱ እኔም ተከትያቸው ወረድኩ። ጉልበቴ ለቁልቁለት አልታዘዝ ካለ ቆይቷል፤ ነገር ግን ቤት ዘግቶ ከመቀመጥ መንገድ ላይ እያጉረመረሙ መሄድ ይሻለኛል። ትልቋ ልጅ የእንዶዱን ፍሬ ድንጋይ ላይ ወቅጣ ውሃ ስታፈስበት አረፋው ተነሣ፤ ያ አፍንጫ የሚኮረኩር፣ ጉሮሮ ድረስ የሚገባ ሽታ ፊቴን መታኝ። ሦስት ጊዜ አከታትዬ አስነጠስኩ። ልጆቹ «ይማርዎ» እያሉ ሲስቁ እኔ እነሱን ትቼ ሄጃለሁ። የሄድኩት ደብረ ታቦር ነው፤ እማ ዝማም ደጃፍ፣ ገና ውሃው ካልተንጠፈጠፈ ልብስ ሥር።

ያኔ ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ንጉሡ ደብረ ታቦርን ከተማቸው አድርገዋት ስለነበር ኮረብታው በድንኳንና በአዲስ ጎጆ ተሞልቷል። በቅሎ የሚጭነው፣ ጋሻ የሚወለውለው፣ ደጅ የሚጠናው ሰው መንገዱን አያሳልፍም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው በልብሱ ነበር። የሐር እጀ ጠባብ የለበሰው፣ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ ያጣፋው፣ የአንበሳ ለምድ ትከሻው ላይ የጣለው ሲያልፍ ሕፃን ሳይቀር መንገድ ይለቃል። ከኮረብታው ግርጌ የምንኖረው እኛ ግን ያለን አንድ አንድ ልብስ ነበር። ቀሚሳችን ታጥቦ እስኪደርቅ ባና ተከናንበን እሳት ዳር እንቀመጣለን፤ የጉና ተራራ ደመና ከለበሰ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንደተቀመጥን እንውላለን።

እማ ዝማም ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ጎንደር ውስጥ በአንዲት ትልቅ ወይዘሮ ቤት ልብስ ይሰፉ ነበር ይባላል። ወይዘሮዋ ወደ ደብረ ታቦር ሲመጡ ተከትለው መጡ፤ ወይዘሮዋ ሲሞቱ እዚያው ቀሩ። አጭር፣ ደልደል ያሉ ሴት ናቸው። መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ አንድ ዓይናቸውን የመጨፈን ልማድ ስለነበራቸው ያ ዓይን ሥራ በሌለበትም ጊዜ በከፊል ተጨፍኖ ቀርቷል፤ ስለዚህ ሰው ሲያዩ ሁልጊዜ የሚያሾፉ ይመስላሉ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ያሾፉም ነበር። ያለቻቸው አንዲት መርፌ ናት። ሹሩባቸው ውስጥ ሰክተዋት ይውላሉ፤ ልንስማቸው ጎንበስ ስንል «ቀስ! ዓይንሽን!» ይሉናል።

አሮጌ ልብስ ይዞ ደጃቸው የመጣ ሰው የሚገጥመው ሁሌም አንድ ነው። ምን ላድርግልሽ ብለው አይጠይቁም። ልብሱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ ይዘረጉትና አሻግረው ያዩበታል። ብርሃን የሚያሳልፈውን ሳሳ ያለ ቦታ በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል፤ ከዚያ ወፍራሙን፣ ገና ያልተነካውን ፈልገው ያገኙታል። «ይኼን ሳትለብሺው ነው አረጀ የምትይኝ?» ይላሉ። የቀሚሱ ጀርባ ወደ ፊት ይዞራል። የነተበ እጅጌ ይቆረጥና የልጅ ቆብ ይሆናል። እድፉ አልለቅ ያለ ነጭ ቀሚስ ከመቅመቆ ሥር ጋር ተቀቅሎ የደረሰ ገብስ መልክ ይዞ ይወጣል። ሦስት ቀጫጭን መቀነት ጎን ለጎን ይሰፉና አንድ ሰፊ መቀነት ያደርጉታል፤ ያንኑ የአምናውን ቀሚሷን ለብሳ ወገቧ ላይ ብታስረው ባሏ እንኳ «ከየት አመጣሽው?» ብሎ የጠየቃት ጎረቤት ነበረችን።

ከሁሉ የምንወደው ግን አንዲት የምትዞር ጥልፍ ነበረች። ከወይዘሮዋ አሮጌ ቀሚስ ደረት ላይ የተፈታች፣ በሐር ክር የተጠለፈች፣ ሁለት መዳፍ የምታህል ቁራጭ ናት። እማ ዝማም ለጥምቀት አንዷ ጎረቤት ደረት ላይ ይሰፏታል፤ ለፋሲካ ፈትተው ሌላዋ ላይ፣ ሠርግ ሲመጣ ደግሞ ሙሽራዋ ላይ። ሰው ሁሉ ስለሚያውቃት «ዘንድሮ የማን ተራ ናት?» እየተባለ ይቀለድ ነበር። የሚያፍር ግን አልነበረም። ያች ጥልፍ ያረፈችባት ሴት ታቦት ስታጅብ አንገቷ አንድ ስንዝር ይረዝም ነበር።

ለእኛ ለልጃገረዶቹ ደግሞ አለባበስ ያስተምሩናል። አንዲቱን ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ እንድናጣፋ፣ ለሥራ ወገባችን ላይ እንድናስር፣ ትልቅ ሰው ፊት ከትከሻችን ዝቅ እንድናደርግ፣ ለለቅሶ ባለ ቀለሙን ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገት እንድናዞር። ስንሳሳት ጉልበታችንን በማበጠሪያ ቸብ ያደርጉናል። አንድ ነጠላ ያለው ሰው ብዙ ልብስ እንዳለው ያወቅኩት ከእሳቸው ነው።

እናቴ ስንዱ ትባላለች። አባቴ ዘምቶ በቅሎው ብቻ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ ከአባቷ የወረሰችውን፣ ጉና ሥር ያለውን የገብስ መሬት፣ በአባት የሚገናኛት ወንድሟ ሙላት ያዘባት። መያዝ ብቻ ሳይሆን «ስንዱ የአባቴ ልጅ አይደለችም» አለ። «ቤታችን ያደገች የገረድ ልጅ ናት፤ አባቴ አዝኖ አሳደጋት እንጂ አልወለዳትም» እያለ በየደረሰበት አስወራ። ሁለቱ ታላላቅ እህቶቿ ሞተዋል፤ የአያቴንም እኩዮች በሽታና ዘመቻ ጨርሷቸዋል። መሬቱ ከሄደ የምንበላው የለንም። ስሙ ከሄደ ደግሞ እሷም፣ ከእሷ በኋላ እኔም፣ የማንም ልጅ አይደለንም። እናቴ አቤት አለች፤ ቀጠሮ ተቆረጠ።

አራት ቀን ሲቀር ከኮረብታው ላይ አንዲት የሻለቃ ሚስት አዝነውልን ባለፈው ጥምቀት ብቻ የለበሱትን ኩታ አዋሱን። ነጭነቱ ዓይን ይወጋ ነበር። እናቴ ለብሳው ዞር ዞር አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ አየኋት። እማ ዝማም ገቡ፤ አዩ፤ ኩታውን ከትከሻዋ አንሥተው አጣጠፉና እጄ ላይ አስቀመጡት።

«ሂጂ፣ ለባለቤቱ መልሺ። እናቴ እግዜር ይስጥልኝ ብላለች በያቸው።»

እናቴ ደሟ ፈላ። «ምነው አንቱ! በዚያ ቡትቶ ነው ዳኛ ፊት የምቆመው? ሙላት ምን ለብሶ እንደሚመጣ ያውቃሉ!»

«አውቃለሁ። እሱም ይህ ኩታ የማን እንደሆነ ያውቃል። በጥምቀት አገር ሁሉ አይቶታል። ገና ስትቀርቢ ጣቱን ቀስሮ ‹የገረድ ልጅ ናት አላልኳችሁም? የለበሰችው እንኳ የሰው ነው› ይላል። ከዚያ በኋላ ምን ብትናገሪ ማን ይሰማሻል?»

«እና ምን ልልበስ?»

«ያለሽን።»

ያላት በሠርጓ ቀን የለበሰችው ኩታ ነው። እኔን አዝላበታለች፣ እህል ተሸክማበታለች፣ አባቴን አልቅሳበታለች። ዳርና ዳሩ ከመበላቱ የተነሣ በጣት ሲነኩት ይበጠስ ነበር። እማ ዝማም በእንዶድ ሦስት ጊዜ አጠቡት። የምወቅጠው እኔ ነበርኩ፤ ሳስነጥስ «ይማርሽ፤ በርቺ» ይሉኛል። ሲደርቅ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ተቀምጠው እንደ ልማዳቸው አሻግረው አዩበት። ከዚያ ሁለቱን ሸማ አንድ ላይ የያዘውን የመሀል ስፌት ፈቱ። የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወሩ። ያን ሁሉ ዓመት ስፌት ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ጠንካራ ጠርዝ ወደ ዳር ወጣ፤ የተበላው ዳር ተስተካክሎ ተቆረጠና መሀል ገብቶ ተሰፋ። ጀርባ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ቀረች እንጂ ኩታው ደኅና ኩታ ሆነ።

«ጠበብ ብሏል» አለች እናቴ።

«አንቺም ከስተሻል» አሉ እማ ዝማም።

የቀረው ቀሚሱ ነበር። አንገቱ ተቀዶ ተጥፎ፣ ተጥፎ ተቀዶ መልኩን አጥቷል። የምትዞረዋን ጥልፍ መስፋት አይቻልም፤ እሷን የማያውቅ የለም። እማ ዝማም ቤታችንን ዞር ዞር ብለው ቃኙና ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ። በቅሎዋ ጭና ያመጣችው የአባቴ ድግ፣ ወገቡን የሚታጠቅበት፣ እዚያ ተሰቅሎ ነበር። ጫፉ ከባሕር ማዶ በመጣ ቀይ ክር የተጠለፈ ነው።

«እሱ አይሆንም» አለች እናቴ።

እማ ዝማም መርፌዋን ሹሩባቸው ውስጥ መልሰው ሰኩና እጃቸውን አጣምረው ተቀመጡ። አልተከራከሩም። በመጨረሻ እናቴ ራሷ ተነሥታ ድጉን አወረደች፤ ጫፉን በጥርሷ በጠሰችና ክሩን እየመዘዘች ጣቷ ላይ ትጠመጥም ጀመር። እያለቀሰች ነበር፤ እኔም አለቀስኩ። እማ ዝማም ግን ክሩን ተቀብለው ሁለት ቀን ሙሉ ቀና ሳይሉ ሰፉ። አንገቱ ዙሪያ የገብስ ዛላ ጠለፉበት። ከዚያ በኋላ ብዙ የተጠለፈ ቀሚስ አይቻለሁ፤ የትልልቅ ሰዎችንም አይቻለሁ። የሚያህለው አላየሁም፤ ይህን ስል ማጋነኔ ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

የቀጠሮው ጠዋት እናቴ ተዘጋጅታ ከቤት ስትወጣ እማ ዝማም በር ላይ ቆመው አዩዋትና «ኧረ ባክሽ!» ብለው ጮኹ። ሁለት ዓመት የለመደ እጅ ኩታውን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ አጣፍቶታል። የለቅሶ አለባበስ ነው። እናቴ ጭራሽ አላስተዋለችውም።

«እንዲህ ሆነሽ ብትቀርቢ ያዝኑልሻል» አሉ እማ ዝማም። «ሐዘንተኛ ናት፣ ጥቂት ገብስ ይስጧት ይላሉ። ምጽዋት ነው የምትጠይቂው ወይስ ርስት?»

«ርስት።»

«እንግዲያ አዙሪው።»

እናቴ ወዲያው አላዞረችውም። ጥለቱን ወደ ታች መመለስ ሐዘኑን ፈታሁ ማለት ነው፤ አባቴን ደግሞ እንኳን ልትረሳው ስሙ ሲነሣ እንኳ ሥራ ትፈታ ነበር። እጇን አንሥታ አንገቷ ላይ ያለውን ቀይ ክር ዳበሰች። ከዚያ ኩታውን ከትከሻዋ አወረደችና ገልብጣ አጣፋችው። ቀና ስትል ያየኋትን ሴት ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። እናቴ መሆኗ አኮራኝ፤ ዛሬም ሳስበው እኮራለሁ።

በዚያ ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ የኩታቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። መንገድ ላይ ልብሱ የተቀደደበት ሰው ሊያመልጥ ነበር ተብሎ ይታማል። አጎቴ ሙላት ገበያው ዳር ጠበቀን፤ ከሸማኔ እጅ የወጣ አዲስ ኩታ ለብሷል። እናቴን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ሊያይ የመጣው የነተበች ሴት ነበር። የዳኛው አሽከር የሁለቱን ጫፍ አጥብቆ ቋጠረና ዳገቱን ጀመሩ፤ እኔና እማ ዝማም ከኋላ ተከተልን፤ ሥራ የፈታ ሰው ሁሉ ደግሞ ከእኛ ኋላ።

ሙላት ረጅም ሰው ነው። ሆን ብሎ እርምጃውን አስረዘመ፤ እናቴ እየተጎተተች የምትሄድ እንድትመስል። እሷ ግን ሳትሮጥ፣ በራሷ እርምጃ ሄደች። ቋጠሮው ተወጠረ። እናቴ ያንን ዳር ሳይታደስ በፊት ስለምታውቀው በዓይኗ ጫፍ ስታየው አይቻታለሁ። ሙላት ተናደደና ወደ ራሱ ሳብ ሲያደርግ የጨርቅ መቀደድ ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ ቆመ። የተቀደደው የሱ ነበር። ሸማኔው ድሩን አላልቶ የሠራው፣ ገና ውሃ ያልነካው አዲስ ኩታ ከጥለቱ ጀምሮ አንድ ክንድ ያህል ተተርትሯል። የእናቴ ጫፍ እንደተቋጠረ አለ።

«አይዞህ ልጄ፣» አሉ እማ ዝማም ከኋላ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ስትጨርስ አምጣው፤ እሰፋልሃለሁ።»

ሳቁ እስከ ችሎቱ ድረስ ተከተለን። ዳኛው ወይራ ዛፍ ሥር አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሙላት ያንን ሳቅ ማጥፋት ስለፈለገ ነው መሰለኝ ከርስቱ ሳይጀምር ከልብሱ ጀመረ። «ጌታዬ፣ ይህች ሴት የገረድ ልጅ ናት። ትናንት ቡትቶ ለብሳ ያየናት ዛሬ እንዲህ ሆና የመጣችው በሰው ልብስ ነው። ስሙም እንደ ልብሱ የተውሶ ነው» አለ።

ዳኛው ወደ እናቴ ዞሩ። «ልብሱ የማን ነው?»

እናቴ ኩታውን አወረደችና ጀርባውን ገልብጣ ፊታቸው ዘረጋችው። «የራሴ ነው፣ ጌታዬ። አባቴ በሠርጌ ቀን ያለበሰኝ ነው። ዳሩ ቢያልቅ ወደ መሀል መለስነው። ስፌቱ ይኸው።»

ሙላት ራሱ ምስክር ብሎ ያመጣቸው አንድ ሽማግሌ ቄስ እዚያ ነበሩ፤ የአያቴ የንስሓ አባት የነበሩ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ቀደም ሲል ተጠይቀው «ቤቱ ልጅ ይበዛበት ነበር፤ ይህች የትኛዋ እንደሆነች አልለይም» ብለው ነበር። ሙላትም የፈለገው ይህንኑ ነው። አሁን ግን ቄሱ «የሠርጓ ኩታ አለች? እስቲ አቀብሉኝ» አሉ። ጉልበታቸው ላይ አደረጉትና በጣታቸው ጥለቱን ተከትለው ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። መለስ ብለው ደግመው ዳበሱ።

«ወፍራሟ ማግ» አሉ። «አባቷ ሴት ልጆቹን ሲድር ኩታቸውን የሚያሠራው አንድ ሸማኔ ጋ ነበር። ከጥለቱ ሥር አንዲት ወፍራም የማግ ክር አስገባበት ይለዋል፤ ልጆቼ ልብሳቸው ከሰው ልብስ እንዳይቀላቀልባቸው እያለ። በየሠርጉ የባረክሁት እኔ ነኝ። ሦስት ነው ያሠራው፤ ለሦስት ልጆቹ። ሁለቱን ቀብሬያቸዋለሁ። ይህች ሦስተኛዋ ናት።»

ቄሱ ማሉበት። ዳኛው ለእናቴ ድርሻዋን ፈረዱ። ሙላት የተቀደደ ኩታውን ሰብስቦ ሲሄድ እንኳ አላየሁትም፤ የማየው እናቴን ነበር።

እማ ዝማም ግን ወደ ቤት ስንመለስ ድንገት ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ያችን ማግ ስሰፋ አግኝቻት ነበር» አሉ። «የሸማኔ ስንፍና መስላኝ ልመዛት ጫፏን ይዣት ነበር። እናትሽ ውሃ ያቀብሉኝ ብትለኝ ተነሣሁና ረሳኋት።» ሦስታችንም እዚያው መንገድ ዳር እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ጉና ሥር ገባን። ዓመታት አልፈው የደብረ ታቦር ሰው ሲበተን እናቴ በቅሎ ልካ እማ ዝማምን አስመጣቻቸው። ከእኛ ጋር ኖረው፣ የመንደሩን ልብስ ሁሉ ገልብጠው ሰፍተው፣ በአንድ የጾም ወቅት አረፉ። በእኛ አገር ሰው የሚቀበረው ከዘመዱ ጎን ነው። እማ ዝማም ግን ዘመድ አልነበራቸውም፤ አባታቸው ማን እንደሆነ፣ አገራቸው የት እንደሆነ ነግረውን አያውቁም። የሰበካው ሽማግሌዎች መቃብሩ ከመቆፈሩ በፊት «የማን ልጅ ናት እንበል?» ብለው ጠየቁ።

«የአባቴ ልጅ ናት» አለች እናቴ። «ታላቅ እህቴ ናት።»

ሽማግሌዎቹ ወደ አጎቴ ሙላት ዞሩ፤ ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እዚያው ቆሞ ነበር። እናቴን አያት። እሷም አየችው። ብዙ ሰው ይጠብቅ ነበር።

«አዎ፣» አለ ሙላት፣ «እህታችን ናት።»

ከአያቴ ጎን ቀበርናቸው። አሁን የልጅ ልጆቼ የዘር ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ የአያቴ ሴቶች ልጆች አራት ናቸው ይላሉ፤ ዝማምንም ከታላቆቹ መካከል ይጠሯቸዋል። እሰማቸዋለሁ፤ አላርማቸውም።